ቀረፋ ስኳር ያወርዳል? ከአንድ ሙከራ እስከ ዘይቱ ጠርሙስ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 «ዳያቤቲስ ኬር» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አራት ገጽ ብቻ የሆነች ጥናት ታተመች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ፍሬ ነገሯ አጭር ነው። ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች በቀን ከ1 እስከ 6 ግራም ቀረፋ ለ40 ቀን ወሰዱ። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ የሚለካው ስኳራቸው ከ18 እስከ 29 በመቶ ወረደ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብም፣ ኮሌስትሮልም አብሮ ወረደ።

ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ጠዋት 200 ያሳይ የነበረ መለኪያ 150 አሳየ እንደ ማለት ነው። በሐኪም የታዘዘ ክኒን እንዲህ ቢያደርግ «ሠርቷል» እንላለን። ወሬውም ቶሎ ተዳረሰ። የቀረፋ እንክብል ገበያ ላይ ወጣ። ቆይቶም «ለስኳር» እየተባለ የቀረፋ ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ መሸጥ ጀመረ።

ይህ ጉዳይ ጥናት ያንን ሙከራ ከመነሻው ጀምሮ ይከተላል። ማን ሞከረው፣ ምን ለካ፣ ሌሎች ሲደግሙት ምን ሆነ፣ ዘይቱስ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት አለ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የ2003ቱ ሙከራ ሊደረግ የሚገባው ሙከራ ነበር። የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። መነሻ መሆን የነበረበት ጥናት የመጨረሻ መልስ ተደርጎ ተወሰደ። ከዚያም ዱቄቱ፣ በውሃ የወጣው ጭማቂና ዘይቱ እንደ አንድ ነገር ተቆጠሩ። አንድ አይደሉም።

ነገሩ የተጀመረበት ቦታ

ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ሪቻርድ አንደርሰን ነው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል በሚገኘው የሥነ ምግብ ምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ቡድኑ የኢንሱሊንን ሥራ የሚያግዝ ነገር ከምግብና ከቅመም ውስጥ ለዓመታት ሲፈልግ ቆይቷል። በ1990 የተለያዩ ምግቦችንና ቅመሞችን የፈተሸ ጽሑፍ አወጡ። በ2000 ደግሞ 49 ዓይነት ቅመሞችንና የመድኃኒት ዕፅዋትን በውሃ እያወጡ በአይጥ የስብ ሕዋስ ላይ ሞከሩ። ኢንሱሊን ባለበት ሕዋሱ ስኳር እንዲጠቀም ከሁሉም በላይ የገፋው ቀረፋ ሆነ።

በውሃ መሆኑን ያዙልኝ። ወደ ዘይቱ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሕዋሱ ያለው የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ነው። ሰው ጋ ለመድረስ በሆድ፣ በአንጀትና በጉበት ማለፍ አለ። ሳህን ላይ የሚሠራ ነገር ብዙ ነው፤ ሰው ላይ ደርሶ የሚሠራው ግን እጅግ ጥቂት። ስለዚህ ቀጣዩ ደረጃ ሰው ላይ መሞከር ነበር።

60 ሰው፣ 40 ቀን

ሙከራው የተደረገው ፓኪስታን፣ ፔሻዋር ነው። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ አላም ካን ነው። 30 ወንዶችና 30 ሴቶች ተመረጡ። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ገደማ ነው። ለመግባት ከ40 ዓመት በላይ መሆን፣ ኢንሱሊን አለመውሰድ፣ የጾም ስኳርም ከ140 እስከ 400 ሚሊግራም በዴሲሊትር መሆን ነበረበት። የጾም ስኳር 126 ሲደርስ ስኳር በሽታ ተብሎ እንደሚመዘገብ ካስታወስን፣ እነዚህ ሰዎች ስኳራቸው በደንብ ያልተያዘላቸው ነበሩ ማለት ነው። ይወስዱት የነበረው መድኃኒት ከሰልፎኒልዩሪያ ወገን ነው። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ፣ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን የሚያስፈስስ ክኒን።

ስድሳውን በስድስት ቡድን ከፈሏቸው። በየቡድኑ 10 ሰው ሆነ። ሦስቱ ቡድኖች በቀን 1፣ 3 እና 6 ግራም ካሲያ የሚባለውን የቀረፋ ዓይነት በእንክብል ወሰዱ። የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በቁጥር ተመጣጣኝ የሆነ፣ ውስጡ የስንዴ ዱቄት ያለበት እንክብል ወሰዱ። ይህ ማስመሰያው፣ ማለትም ፕላሴቦው ነው። 40 ቀን ሲያልቅ ሁሉም አቆሙና ለ20 ቀን ያለምንም እንክብል ተከታተሏቸው።

ውጤቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። በሦስቱም የቀረፋ ቡድኖች የጾም ስኳር ወረደ። ትራይግሊሰራይድ ከ23 እስከ 30 በመቶ፣ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ከ7 እስከ 27 በመቶ ቀነሰ። የስንዴ ዱቄት የወሰዱት ላይ የረባ ለውጥ አልታየም። እንክብሉ ከቆመ ከ20 ቀን በኋላም የቀረፋ ቡድኖቹ ስኳር ወደ መነሻው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

እንዲህ ያለ ጥናት ሲያነብ ልቡ የማይሞቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ርካሽ ነው፣ የታወቀ ቅመም ነው፣ መርፌ የለውም። ከስኳር ጋር ለሚኖር ሰው፣ በተለይ መድኃኒቱ ለሚወደድበት፣ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ጥናቱ በጥንቃቄ መነበብ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ውጤቱን ቀረብ ብለን ስናየው

መጀመሪያ የሰዎቹን ቁጥር እንይ። በየቡድኑ 10 ሰው ነው። ከአሥሩ ሁለቱ በዚያ ወር አመጋገባቸውን ካስተካከሉ ወይም ረስተውት የነበረውን ክኒን በሥርዓት መዋጥ ከጀመሩ፣ የቡድኑ አማካይ ይንሸራተታል። ጥናት ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ራሱን መጠበቁ የተለመደ ነው። በዕጣ ወደ ቡድን መመደብ ይህን ያመጣጥነዋል፤ ግን ሰው ሲበዛ ነው የሚያመጣጥነው።

ሁለተኛ፣ መጠኑና ውጤቱ አልተያያዙም። አንድ ነገር ራሱ ስኳር የሚያወርድ ከሆነ፣ መጠኑን ስድስት እጥፍ ሲያደርጉት በውጤቱ ላይ የሆነ ልዩነት ይጠበቃል። እዚህ ግን 1 ግራሙ ከ6 ግራሙ ያን ያህል አይርቅም። ምናልባት ትንሹም በቂ ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ግን ከቀረፋው ውጭ ሌላ ምክንያት ካለም ውጤቱ ልክ እንዲህ ነው የሚመስለው። በዚህ ጥናት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው። ኤችቢኤዋንሲ አልተለካም። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ምርመራ «የሦስት ወር» እያለ ያውቀዋል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል። ሕዋሱ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ የተጣበቀው መጠን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ይናገራል። የጠዋት ስኳር ግን የዚያች ጠዋት ነው። ማታ ምን በላሁ፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር፣ ጉንፋን ይዞኛል ወይ፣ ሁሉም ይነካዋል። ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው የወራትና የዓመታት ስኳር ነው። 40 ቀን ደግሞ ኤችቢኤዋንሲን በሙሉ ለማየት አጭር ነው።

አራተኛው፣ ሰዎቹ በአንድ ዓይነት መድኃኒት ላይ የነበሩና ስኳራቸው ከፍ ያለ ነበሩ። ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳ የሚናገረው ስለ እነሱ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለውን ሌላ የስኳር ክኒን እየወሰደ ኤችቢኤዋንሲው 7 ላይ ስላለ ሰው ምንም አይልም።

ሌሎች ሲደግሙት

በ2006 ኔዘርላንድስ ውስጥ 25 ሴቶች ላይ ተሞከረ። ሁሉም የወር አበባ ያቆሙና ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ነበሩ። በቀን 1.5 ግራም ቀረፋ ወይም ማስመሰያ ለስድስት ሳምንት ወሰዱ። ምንም ለውጥ የለም።

በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ 79 ሰዎች ገቡ። እዚህ የተሰጠው ከ3 ግራም ቀረፋ በውሃ የወጣ ጭማቂ ነው፤ ጊዜውም አራት ወር። የቀረፋ ቡድኑ የጾም ስኳር 10.3 በመቶ ወረደ፤ የማስመሰያው ቡድን 3.4 በመቶ። በኤችቢኤዋንሲ ላይ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሲጀምሩ ስኳራቸው ከፍ ያለ የነበሩት የበለጠ ቀንሶላቸዋል። ይህ ከፔሻዋሩ ጋር ይገጥማል፤ እዚያም ከፍ ያለ ስኳር ነበር።

በ2007 ኦክላሆማ ውስጥ በቀን 1 ግራም ለሦስት ወር ተሰጠ። በጾም ስኳርም፣ በኤችቢኤዋንሲም፣ በኮሌስትሮልም ልዩነት የለም። በዚያው ዓመት ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው 72 ታዳጊዎች በቀን 1 ግራም ቀረፋ ወይም ማስመሰያ ለ90 ቀን ወሰዱ። ለነሱም አልጠቀመም። ዓይነት 1 ላይ ኢንሱሊኑ ራሱ ስለሌለ ይህ ብዙም አያስገርምም።

ከዚያ በ2009 ከአሜሪካ የጦር ሰፈር ክሊኒኮች ደስ የሚል ዜና መጣ። 109 ሰዎች ነበሩ። በቀን 1 ግራም ቀረፋ የጨመሩት ኤችቢኤዋንሲያቸው በ0.83 ነጥብ ወረደ፤ የተለመደ ሕክምናቸውን ብቻ የቀጠሉት በ0.37። በመጨረሻ «የሦስት ወሩ» ተንቀሳቀሰ! ነገር ግን በዚህ ሙከራ ማስመሰያ እንክብል አልነበረም። ቀረፋ የወሰደው ሰው መውሰዱን ያውቃል። ስኳሩን ለማስተካከል አዲስ ነገር እንደጀመረ የሚያውቅ ሰው ሌላውንም ነገር ሳያስበው ያስተካክላል። ጠዋት እንክብሉን ሲውጥ ክኒኑንም ያስታውሳል። ስለዚህ የወረደው በቀረፋው ይሁን በዚህ አይታወቅም።

በ2010 ለንደን ውስጥ 58 ሰዎች በቀን 2 ግራም ቀረፋ ወይም ማስመሰያ ለ12 ሳምንት ወሰዱ። የቀረፋ ቡድኑ ኤችቢኤዋንሲ ከ8.22 ወደ 7.86 ወረደ። ትንሽ ናት፤ ግን አለች።

ሁለት ግምገማ፣ ሁለት መደምደሚያ

ጥናት ሲበዛና ሲጋጭ ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ላይ የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ግምገማ በአንድ ዓመት ልዩነት ወጣ።

የ2012ቱ ግምገማ የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ነው፤ 10 ሙከራዎችን፣ 577 ሰዎችን አየ። ቀረፋ ስኳርንም ሆነ ኤችቢኤዋንሲን ከማስመሰያው በተሻለ እንደሚያወርድ በቂ ማስረጃ የለም አለ። የሙከራዎቹን አሠራርም መዘነ። ከሁለቱ በቀር የሌሎቹ የመዛባት ስጋት ከፍተኛ ወይም ግልጽ ያልሆነ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ መካከለኛ ናቸው።

የ2013ቱ ግምገማ ደግሞ 10 ሙከራዎችን፣ 543 ሰዎችን ደመረ። እዚህ የጾም ስኳር በአማካይ 24.59 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወርዷል። ኤችቢኤዋንሲ ግን ትርጉም ባለው መጠን አልወረደም።

ጋዜጣ የሚያነብ ሰው «ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም» ብሎ ሊተወው ይችላል። እኔ ግን ሁለቱ ብዙም የሚጋጩ አይመስለኝም። የተደመሩት ሙከራዎች የተለያዩ ናቸው። የአንዱ መጠን 120 ሚሊግራም ነው፣ የሌላው 6 ግራም። አንዱ 4 ሳምንት ነው፣ ሌላው 18። አንዱ ዱቄት ሰጠ፣ ሌላው በውሃ የወጣ ጭማቂ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደመር አማካዩ የማንኛቸውም አይደለም። ሁለቱም የተስማሙበት ነጥብ ይበልጣል፦ የሦስት ወሩ ስኳር መውረዱ አልታየም። የጠዋቱ ምናልባት ይወርድ ይሆናል፤ እሱ ላይ ግን ኮክሬን እርግጠኛ አይደለም። ለፍትሐዊነት አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ሙከራዎች ሦስት ወር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ስለሆኑ ኤችቢኤዋንሲ ለመንቀሳቀስ ጊዜ ሳያገኝ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ይህ ግን «ይሠራል» ለማለት አያበቃም። ረዘም ያለ ሙከራ ያስፈልጋል ለማለት ነው የሚያበቃው።

ኮክሬን አንድ ሌላ ነገርም ጠቅሷል። ከነዚያ ሙከራዎች አንዱም ስለ ሞት፣ ስለ ተጓዳኝ ጉዳትና ስለ ኑሮ ጥራት አልመረመረም። ይህን አቅልለን አንየው። ሮሲግሊታዞን የተባለው ክኒን ስኳር ያወርድ ነበር። በ2007 ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክን) ያበዛል የሚል ትንታኔ ወጣ፤ በ2010 አውሮፓ ፈቃዱን አገደች። በአንጻሩ በ1998 የወጣው የእንግሊዞቹ ትልቅ ጥናት፣ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ሜትፎርሚን ሲወስዱ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት በ42 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። የመለኪያ ቁጥር ማውረድና ሰው ማዳን ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ዘይቱስ?

እዚህ ጋ ነው ረዘም ብዬ መቆየት የምፈልገው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ከላይ የዘረዘርኳቸው ሙከራዎች አንዳቸውም ዘይት አልሰጡም። ወይ ዱቄት ነው፣ ወይ ከቀረፋ የተዘጋጀ ጭማቂ። የቀረፋ ዘይት የሚገኘው ልጡን በእንፋሎት በማንጠር ነው። እንፋሎቱ ተነው የሚወጡትን፣ የሚሸቱትን ነገሮች ይዞ ይሄዳል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ይለያል። ከልጡ ክብደት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። የዘይቱም ዋና ክፍል ሲናማልዴሃይድ የሚባል ውህድ ነው። ቀረፋን ቀረፋ የሚያሰኘው ሽታና የሚለበልበው ጣዕም የሱ ነው።

አንደርሰንና ባልደረቦቹ ሳህን ላይ ያዩት ሥራ ግን ፖሊፌኖል ከሚባሉት፣ በውሃ ከሚወጡት የተክል ውህዶች ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ከባድ ስለሆኑ ከእንፋሎት ጋር አይነሱም፤ ማንጠሪያው ውስጥ ከልጡ ጋር ይቀራሉ። እንግዲህ የ2003ቱን ጥናት እየጠቀሰ የቀረፋ ዘይት የሚሸጥ ሰው ያልተሞከረ ነገር እየሸጠ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከጥናቱ ጀርባ የነበረው ሐሳብ ያረፈበት ክፍል ጠርሙሱ ውስጥ የለም።

ሌላም አለ። ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ሲሎን የሚባለው ሌላው የቀረፋ ዓይነት የልጥ ዘይቱ በአብዛኛው ሲናማልዴሃይድ ነው። የዚያው ዛፍ የቅጠል ዘይት ግን በአብዛኛው ዩጂኖል ነው፤ የቅርንፉድ ሽታ ያለው ሌላ ውህድ። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ «የቀረፋ ዘይት» ሊባል ይችላል። ጥናት ውስጥ ዘይቱ በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካ ምርመራ) ተፈትሾ ምን ስንት በመቶ እንዳለው ካልተጻፈ፣ ምን እንደተሞከረ ራሱ አይታወቅም።

ይህ ማለት ዘይቱ ላይ ምንም ጥናት የለም ማለት አይደለም። በ2007 ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ኬሚካል ተወግተው ስኳር በያዛቸው አይጦች ላይ ሲናማልዴሃይድ ተሞክሮ ነበር። ለ45 ቀን በኪሎ እስከ 20 ሚሊግራም ተሰጣቸው፤ ስኳራቸውም በጣም ወረደ። የአይጡን መጠን በሰውነት ስፋት ወደ ሰው ስንቀይር ለ6 ገደማ ይከፈላል፤ በኪሎ 3 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። ለ65 ኪሎ ሰው በቀን 200 ሚሊግራም የሚያህል ንጹሕ ሲናማልዴሃይድ ማለት ነው። 3 ግራም ቀረፋ ውስጥ ያለው ዘይት በሙሉ ቢቆጠር ከ30 እስከ 120 ሚሊግራም ነው። ስሌቱን ያመጣሁት ሰው እንዲሞክረው አይደለም። በአይጥ የታየውን በሻይ ላይ ከሚነሰነስ ቀረፋ ጋር ማነጻጸር እንደማይቻል ለማሳየት ነው።

ስትሬፕቶዞቶሲን ራሱ ምን እንደሚሠራም ማወቅ ይጠቅማል። ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሶች መርጦ ይገድላል። አይጡ በቀናት ውስጥ ስኳር ይይዘዋል። የሰው ዓይነት 2 ስኳር ግን በዓመታት ይመጣል፤ ኢንሱሊን እያለ ሰውነት አልታዘዝ ሲለው። ስለዚህ የአይጡ ሕመም የብዙዎቻችን ሕመም ቅጂ አይደለም።

ሳህን ላይ ደግሞ ዘይት የራሱ አመል አለው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ ዲኤምኤስኦ በሚባል ፈሳሽ ማሟሚያ ወይም በአልኮል ይበረዛል። ያ ማሟሚያ ብቻውን ሕዋሱን ሊነካው ስለሚችል፣ ዘይት የሌለበት ማሟሚያ ብቻ ያለው የሳህኑ ጉድጓድ ጎን ለጎን መኖር አለበት። ዘይቱ ይተንናል። 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ከአንዱ ጉድጓድ ተነስቶ ጎረቤቱ ውስጥ ይገባል። ማነጻጸሪያ ተብሎ ንጹሕ የተተወው ጉድጓድ ሳይታወቅ ዘይት ይቀምሳል። ሲናማልዴሃይድ ደግሞ ከፕሮቲን ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው። ስታርች የሚፈጨውን አሚሌዝ ኢንዛይም «አገደ» ሲባል፣ እንደ አካርቦስ ክኒን በትክክለኛው ቦታ ገብቶ ነው ወይስ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ እያበላሸ? ይህን የማይጠይቅ ጥናት ብዙ አይረዳንም።

ሰው ሲውጠውም ሲናማልዴሃይድ ብዙ አይቆይም። ሰውነት ፈጥኖ ወደ ሲናሚክ አሲድ ይቀይረዋል፤ በመጨረሻም በአብዛኛው ሂፑሪክ አሲድ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ሳህን ላይ ለ24 ሰዓት ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ ሕዋስ ያየውን፣ የሰው ጡንቻ አያየውም።

እና ዘይቱን በደንብ እንሞክረው ብንል? መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሽታው ነው። የቀረፋ ዘይት የዋጠ ሰው ሲያገሳ ያውቀዋል። ባወቀ ሰዓት ማስመሰያው ከሸፈ። አንጀት ሲደርስ የሚሟሟ እንክብል፣ ማስመሰያው ላይም ከውጭ ትንሽ ሽታ፣ በመጨረሻም «የትኛውን የወሰድክ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒታቸው በጥናቱ ጊዜ አይቀየርም። ኤችቢኤዋንሲ መጀመሪያና ቢያንስ ከሦስት ወር በኋላ ይለካል። የጉበት ምርመራም አብሮ ይደረጋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሰውነት ስንት እንደሚችል በጤነኞች ላይ ይታያል። ሠሪው ካለ ይህ የማይቻል ነገር አይደለም።

ልጡ ውስጥ ያለው ሌላው ነገር

የጉበቱን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ካሲያ ቀረፋ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ውህድ አለ። በአንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ይጎዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በየቀኑ ሊወሰድ የሚችለውን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ላይ አቁሞታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም ማለት ነው። በአንድ ግራም ካሲያ ውስጥ ወደ 3 ሚሊግራም ኩማሪን ብንወስድ፣ 2 ግራም ቀረፋ ገደቡን ይሞላል። በፔሻዋሩ ሙከራ ከፍተኛው መጠን 6 ግራም ነበር። ሦስት እጥፍ! ለ40 ቀን ይሁን፤ ስኳር ግን የ40 ቀን ሕመም አይደለም። የሲሎን ቀረፋ ኩማሪኑ እጅግ ትንሽ ነው፤ የ2003ቱ ሙከራ ግን በሱ አልተሠራም። አንዱን ለደኅንነቱ፣ ሌላውን ለውጤቱ እየጠቀሱ አንድ ነገር አስመስሎ መሸጥ ትክክል አይደለም።

ስለ አሠራሩ አንድ ደስ የሚል ፍንጭ አለ። በ2007 ስዊድን ውስጥ 14 ጤነኞች 6 ግራም ቀረፋ ያለበት የሩዝ ገንፎ በሉ። ምግቡ ከሆዳቸው ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከምግብ በኋላ ያለው ስኳርም ዝቅ አለ። ስለዚህ ቀረፋ የሆነ ነገር ያደርጋል፤ ባዶ አይደለም። ጥያቄው ያ ነገር ለሕመምተኛው በቂ ነው ወይ፣ በሚችለው መጠንስ ይመጣል ወይ ነው።

ከዕፅዋት መድኃኒት ሲወጣ

«እናንተ ሳይንስ የምትሉ ሰዎች ዕፅ አትወዱም» የሚል ሰው አያጣኝም። ሜትፎርሚንን ልጥቀስለት። ታሪኩ ጋሌጋ ኦፊሲናሊስ ከምትባል ተክል ይጀምራል። ከውስጧ ጋሌጂን የሚባል ስኳር የሚያወርድ ውህድ ተገኘ። በ1920ዎቹ ሰው ላይ ተሞከረ፤ መርዛማነቱ ስላየለ ተተወ። የሱ ዘመድ የሆነው ሜትፎርሚን በ1922 በቤተ ሙከራ ተሠራ። ሐኪሙ ዣን ስቴርን ሰው ላይ የሠራበትን ውጤት ያሳተመው በ1957 ነው። አሜሪካ የፈቀደችው በ1994። ሞትን እንደሚቀንስ የታወቀው በ1998። ተክሏ ፍንጭ ሰጠች፤ ከዚያ አሥርት ዓመታት ተለፋ። ማንም ተክሏን ቀቅሎ ጠጥቶ እዚህ አልደረሰም።

ቀረፋ በዚያ መንገድ ላይ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ዘይቱ ደግሞ ከሱም ኋላ።

አሁን እየወሰዱ ላሉ

ምግብ ላይ ቀረፋ መነስነስ ማንንም አያስፈራ። በየቀኑ በማንኪያ ወይም በእንክብል «ለስኳሬ» ብለው የሚወስዱ ግን ለሐኪማቸው ይንገሩ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብላችሁ አትደብቁት። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ በተለይ፤ ተደምሮ ስኳር ከልክ በላይ ከወረደ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር ይመጣል። ጉበታችሁ ላይ ችግር ካለ ካሲያን በብዛት አትንኩ። ዘይቱን በጭራሽ አትጠጡ። አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ቆዳም ላይ አለርጂ ያመጣል፤ ስኳር እንደሚያወርድ ደግሞ ሰው ላይ አልታየም።

መሞከሩን ካልተዋችሁት እንኳ ሐኪማችሁ እያወቀ ይሁን፤ ኤችቢኤዋንሲ ዛሬ ተለኩ፣ ክኒናችሁን ሳታቋርጡ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ካልወረደ፣ ብሩን ለመለኪያ እንጨት አውሉት።